ኮዱ ወዲህ፣ ፕሮግራሙ ወዲያ

ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ፕሮግራመር ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አታወልቅም፤ ሲጠሯት ግን ወዲያው ትሰማለች። ነገሩ ሁሌ ይገርመኛል። አንድ መስመር ኮድ ከመጻፏ በፊት፣ ኮምፒውተሩ ከኮዱ ሠርቶ የሚያወጣው ፕሮግራም የሚገባበትን ፎልደር ለብቻው ታዘጋጃለች።

አለቃዋ ዛሬም ነደደ። «እህቴ፣ ደንበኛው በር ላይ ነው! ሁሉንም አንድ ላይ ክተቺውና ገላግዪን።»

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩን አሮጌውን ፕሮግራም አጽዳ ስንለው ፎልደሩን እንዳለ ነው የሚጠርገው። ኮዱም አብሮ ይሄዳል።»

«ደርሶብሽ ያውቃል?»

«የእናቴን ድምፅ ቀድቼ ከኮዱ ጋር አስቀምጬው ነበር። የጠረገው እሷ ካረፈች በኋላ ነው።»

«ቶሎ በይ» ለማለትማ ምላስ ብቻ ይበቃል! አለቃዋ ደንበኛውን ሊያስጠብቅ ወደ በሩ ሄደ። እሷ ወደ ሥራዋ ዞረች። የማዳመጫዋ ገመድ ጠረጴዛው ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ የትም አልተሰካም።