ገዥ በመጣ ቁጥር

ቤት መሸጥ ቀላል ነው የሚላችሁ ሰው ካለ፣ ወይ ደላላ ነው ወይ ሁለት ቤት አለው። እኛ ያለን አንድ ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ባጃጅ በበጋ በር ድረስ መጥቶ በክረምት ግን መታጠፊያው ላይ ጥሎን በሚመለስበት ሰፈር የሠራነው የማኅበር ቤት። እኔ ፋብሪካ ስሠራ፣ ባለቤቴ ኮሌጅ ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ ሲያስተምር፣ ከሌሎች ደመወዝተኞች ጋር ተደራጅተን ቦታ ተመራን፤ ከአስቤዛችን እየቀነስን ግድግዳውን አቆምን።

መሠረቱን ከፍ ያደረገው እሱ ነው። በእኛ ሰፈር ክረምት ሲገባ ውኃ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም ይመጣል፤ መሬቱን ጥቂት ከቆፈሩት ወዲያው ያቆራል። ጎረቤቶቻችን ሳሎናቸውን በባልዲ ሲጨልፉ ሲውሉ የእኛ ቤት ደረቅ ነበር። ባለቤቴ በረንዳው ላይ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ ያያቸዋል። «መሐንዲሱ!» እያሉ ያሾፉበታል፤ እሱም ሹፈቱን እንደ ምስጋና ይቀበላል። ለዚያ ከፍታ የተከፈለው ዋጋ ደረጃው ነው፤ ከበረንዳው እስከ ግቢው ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጠባብ የሲሚንቶ ደረጃ። ሽንት ቤቱም ከታች ግቢው ጥግ ላይ ነው። ወጣት ሆኖ ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ጉልበቱ አያስብም፤ እኛም አላሰብንም።

ከዚያ ግራ ጎኑን መታው። ሐኪሞቹ ስትሮክ አሉት፤ የሰፈሩ ሰው ደግሞ የየራሱን ስም አወጣለት። ዳነ ማለት ይቻላል፤ ይናገራል፣ ይበላል፣ እንደ ድሮው ይቆጣል፣ ግድግዳ ይዞ በደልዳላ ወለል ላይ ይራመዳል። ደረጃ ግን አይወርድም። ተዳፋት እናሠራለት ብዬ ግንበኛ ጠራሁ። ግንበኛው ከበረንዳው እስከ አጥሩ ያለውን በዓይኑ ለካና «ቦታ የለውም እኮ። ይኸ ሰው ማውረጃ አይዶለም፣ ሰው መጣያ ነው የሚሆን» አለኝ። ሽንት ቤቱን ወደ ውስጥ እናስገባ ስንል ደግሞ ከሥር ያለው ውኃ አዲስ ጉድጓድ አላስቆፍር አለን። ባለቤቴ ደጅ መውጣት ሲያምረው ሁለት የሰፈር ጎረምሶች ከነወንበሩ ያወርዱታል። ይህን ይጠላው ነበር። «ታቦት ነኝ እንዴ? እንግዲያው እልል በሉልኝ» ይላቸዋል፤ እነሱ ይስቃሉ፤ እሱ አይስቅም።

ስለዚህ እንሽጠው ተባባልን። ሸጠን፣ ደረጃ የሌለው፣ ሽንት ቤቱ ከውስጥ የሆነ፣ ለሆስፒታል የሚቀርብ ትንሽ ቤት ልንገዛ። ማንንም ሳይጠራ በገዛ እግሩ ደጅ ወጥቶ የሚቀመጥበት። ከዚህ ሌላ የፈለግሁት ነገር አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን ይህችኑ ስፈልግ ደከምሁ።

ደላላው ትሑት ሰው ነበር፤ ገና ስንተዋወቅ «እቴቴ» ብሎ ጀመረኝ። «እቴቴ፣ አሁን ጊዜው የሻጭ ነው። ከየወረዳው መንገዱ ሲከፋበት ሰዉ ሁሉ ወደ ከተማ ነው የገባ። ቤት ጠፍቷል፣ የጠየቁትን ያገኛሉ» አለኝ። ደስ አለኝ። «እንግዲያው የምንገዛውንም ፈልግልን» ስለው ፊቱ ጠቆረ። «እሱ እንኳ ከባድ ነው። የሚሸጥ የለማ! ሁሉም ይዞ ነው የተቀመጠ።» ስሸጥ የሻጭ ጊዜ ነው፤ ስገዛም የሻጭ ጊዜ ነው። መጀመሪያ ብሸጥ መግቢያ የለኝም፤ መጀመሪያ ልግዛ ብል መግዣ የለኝም። ከሁለት ያጣ ጎመን የሚባለው እኔ ነኝ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ አጽናናኝ። የእኔ እንቁላል ግን በዚያም ዓመት በሚቀጥለውም አልተፈለፈለም።

ጊዜውም ጊዜ ነበረው። በክረምት አይሸጥም፤ ሰው ጭቃውን ያያል። በዐቢይ ጾም ገዥ ይቀዘቅዛል። በሰኔ ደመወዝተኛው የልጅ ትምህርት ቤት ያስባል። ከጥቅምት እስከ ጥር ነው ደኅናው፤ እሱም ቢሆን አገሩ ጸጥ ካለ ነው። አንድ ጥቅምት አለፈ። ሁለተኛው መጣ።

ገዥዎች መምጣት ሲጀምሩ ደላላው ወደ ጓዳ ጠርቶኝ ድምፁን ቀነሰ። «እቴቴ፣ አይቀየሙኝ። ጋሼን ገዥ እንዳያያቸው። የታመመ ሰው ያለበት ቤት ሲያዩ 'ቤቱ አይቀናም' ይላሉ፣ ይሸሻሉ። የማይሸሸው ደግሞ ቸግሯቸው ነው ብሎ ዋጋ ይሰብራል።» ውሸት አልተናገረም። እኔም ወጣት ሳለሁ ቤት ስንከራይ፣ በዚህ ቤት ማን ታሞ ያውቃል፣ ማን ሞቷል ብዬ ጎረቤት እጠይቅ ነበር። ቤት የሚፈልግ ሰው ሁሉ ይጠይቃል።

ስለዚህ ገዥ በመጣ ቁጥር ባለቤቴን ደበቅሁት። ጎረምሶቹ ከነወንበሩ አውርደው ጎረቤታችን ግቢ፣ ማንጎው ጥላ ሥር ያስቀምጡታል። እኔ መድኃኒቱን ከጠረጴዛ አነሣለሁ፣ ምርኩዙን ከአልጋ ሥር እሸጉጣለሁ፣ መስኮት ከፍቼ የሚታሽበትን ቅባት ሽታ አስወጣለሁ። እሱ መጀመሪያ ላይ ቀለደበት። «ሄሮድስ በስንት ሰዓት ነው የሚመጣ?» ይለኛል ጠዋት ሸሚዝ ሳለብሰው። በኋላ መቀለዱን ተወ። ሸሚዙን ሳመጣለት እጁን ብቻ ይዘረጋል። እኔ ገዥዎቹን በገዛ ቤቱ እያዘዋወርሁ «ሰፊ ነው፣ ደረቅ ነው፣ እኛ ልጆቻችን ጋ ልንሄድ ነው» እላለሁ። እነሱም ቧንቧ ከፍተው ይዘጋሉ፣ ግድግዳ በጣታቸው ያንኳኳሉ፣ እናስብበታለን ብለው ይሄዳሉ። ሰውዬውን ደብቄ ለሰውዬው ቤት ስፈልግ መዋሌ አንዳንድ ቀን ያስቀኛል፤ አብዛኛውን ቀን ግን ያሳፍረኝ ነበር።

በዚህ መሐል የሚገዛም አይ ነበር። ኮንዶሚኒየም አየሁ፤ ምድር ቤቱ ሁሉ ፀጉር ቤትና ሱቅ ሆኗል፣ የሚሸጠው ላይኛው ነው። በዘጌ መውጫ በኩል ደልዳላ፣ ግቢው ሰፊ ቤት አየሁ፤ የጨረቃ ቤት ነው፣ ካርታ የለውም። ከሐይቁ አጠገብ ደግሞ አንድ ርካሽ አገኘሁ፤ በግድግዳው ዙሪያ እስከ ጉልበት ድረስ ቡናማ መስመር አለ። ምንድን ነው ብል ባለቤቱ «ቀለም አልቆብን ነው» አለኝ። የመሐንዲሱ ሚስት መሆኔን አላወቀም።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ደላላው ትክክለኛውን አገኘ። ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከመንገዱ እኩል የሆነ፣ በሩ ሰፊ፣ ወለሉ አንድ ወጥ፣ ሽንት ቤቱ ከመኝታ ቤቱ ጎን። ሆስፒታሉም ቅርብ ነው። የሚሸጠው ደመወዝተኛ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሯል፤ ቤቱን የሚያሳየኝም ራሱ ነው። በየክፍሉ ስገባ ባለቤቴን በልቤ አብሬ አስገባዋለሁ፤ እዚህ አልጋው፣ እዚህ ወንበሩ፣ በዚህ በር ይወጣል። ሽንት ቤቱ ውስጥ ከመቀመጫው አጠገብ ግድግዳው ላይ የብረት መያዣ ተበይዷል። እኔ ራሴ ላሠራለት ያሰብሁት ዓይነት ነው።

«ይኸ ምንድን ነው?» አልሁት ሰውየውን።

«ልብስ ማስጫ ነው» አለኝ፤ ወደ እኔ አላየም።

መኝታ ቤቱ መስኮት ተከፍቷል፤ ቢሆንም ያን የማውቀውን የቅባት ሽታ ገና አላወጣውም። ጠረጴዛው ባዶ ነው፣ በደንብ ተጠርጓል።

ወደ ውጭ ስንወጣ ከግቢው በር ማዶ አንዲት ትንሽ ሱቅ አለች። በረንዳዋ ላይ አንዲት አሮጊት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ በዚያ ሙቀት ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል ተደርጎላቸዋል። ዓይናቸው ከግቢው በር አልተነቀለም። እኔን ሲያዩ ቀና አሉ። የቤቱ ሰው መስያቸው ኖሯል።

«ልጄ፣ ኸዱ ሳ?» አሉኝ። «ልግባ?»

እጃቸውን ይዤ አስነሣኋቸው፤ ቀላል ናቸው፣ ክብደት የላቸውም። ቀስ እያልን መንገዱን ተሻገርን። ቤቱን ያሳየኝ ሰው ልጃቸው ኖሯል፤ በሩ ላይ ቆሞ ፊቱ ቀልቷል። እናቱን ተቀብሎኝ አስቀመጠና ተከትሎኝ ወጣ። «እኛም ጠብቀን ነበር፤ ከእሷ በኋላ ብንሸጥ ይሻላል ብለን። ዝውውሩ ደረሰብን። እሷ ደግሞ ከዚህ ቤት አልወጣም ነው የምትል» አለኝ፣ ሰው እንዳይሰማው ቀስ ብሎ።

ቤቱን ወድጄው ነበር። አሮጊቷን ካየሁ በኋላም ወደድሁት፤ መግዣው በእጄ ቢሆን ኖሮ ገዝቼ እገባበት ነበር፣ እሳቸውንም ከዚያ አስወጣ ነበር። ይህን ስለ ራሴ ማወቄ ደስ አላሰኘኝም። ለማንኛውም በእጄ አልነበረም፤ በዚያው ሳምንት ጥሬ ገንዘብ የያዘ ሰው ወሰደው። አሮጊቷ ወዴት እንደሄዱ አልጠየቅሁም።

በልቤ የቀረው ግን የልጁ ቃል ነው። ከእሷ በኋላ። ደላላው ትንሽ ይጠብቁ ይለኛል። ጎረቤቶች የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ጠብቂ ይላሉ። ልጄም በስልክ እማዬ አትቸኩሉ ትላለች። ሁሉም ለደግ ነው። ሁሉም ጥቅምትን ይላሉ እንጂ ሌላ ነገር አላሰቡም። ያን ቀን ወደ ቤት ስገባ ባለቤቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ የማይወርድበትን ግቢ ያያል። በመጠበቅ የሚስተካከለው ነገር ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ደረጃ የሌለው ቤት የማያስፈልገኝ ቀን ይመጣል። ያን ቀን እየጠበቅሁ ነበር፣ ሳላውቀው። ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ።

ስጨርስ ደላላው ጋ ደወልሁ። «ሽጥልኝ» አልሁት። «አሁን።»

«በክረምት እቴቴ?»

«በክረምት።»

«የሚገቡበትስ?»

«ተከራይቼ።»

«እሽ። ገዥ ሳመጣ ጋሼን እንግዲህ...»

«ሳሎን ይቀመጣል» አልሁት።

የመጡት ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። ጫማቸው ጭቃ ነው፤ ደረጃው ላይ ሲወጡ ባልየው ሚስቱን በክንዷ ያዛት። ባለቤቴ የታጠበ ሸሚዙን ለብሶ፣ ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። «ግቡ፣ ግቡ። እኔን ተከትላችሁ ማየት ነበረባችሁ፣ እግሬ እምቢ አለ እንጂ» አላቸው። ከዚያ አላቆመም። ከተቀመጠበት ሆኖ ቤቱን አሳያቸው፦ ጣሪያው በየትኛው ጥግ እንደሚያፈስ፣ የትኛው በር በክረምት እንደሚያብጥ፣ የሽቦው መስመር የት እንደተቀበረ። «መሠረቱን ዝቅ እናድርግ የሚላችሁ ግንበኛ ቢመጣ አባሩት» አለ። ደላላው ከበሩ ጋር ተጣብቆ በዓይኑ ይለምነኛል፤ እኔ እንዳላየ ሆንሁ። ባለቤቴ እንዲህ ሲያወራ ከሰማሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

ልትወጣ ስትል ሴቲቱ ዞረች። «አባባ፣ እናንተስ ወዴት ናችሁ?» አለችው።

እሱ ወደ እኔ ተመለከተ። «ገና አላገኘንም» አልኋት። ራሷን ነቀነቀችና ባሏን ተከትላ ወጣች።

ገዙት። ዋጋውን ሰበሩ፤ ደላላው እስከ ዛሬ ድረስ በእኔ ያመካኛል። ልክ ነው። የሸጥንበት ገንዘብ ደግሞ ያን የአሮጊቷን ቤት የመሰለ አይገዛም፤ ባንክ ተቀምጦ በየወሩ ሲያንስ እናየዋለን። የተከራየነው እዚያው ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ነው፤ ደረጃ የለውም። ሽንት ቤቱን ከሌሎች ተከራዮች ጋር እንጋራለን። ዕቃችን ግማሹ አልገባም፤ ቁም ሣጥኑን ለጎረቤት ትተን ወጣን። በዚህ ዕድሜ ቤት ሽጦ ኪራይ የገባ ሰው ሞኝ ይባላል፤ ተብለናልም።

በገባን በማግሥቱ ጠዋት ስነቃ አልጋው ባዶ ነው። ደረጃው ላይ የወደቀ መሰለኝ፤ ከእንቅልፌ በደንብ አልነቃሁምና የት እንዳለሁ ጠፍቶኛል። ባዶ እግሬን ሮጥሁ። ደጅ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ የአከራያችንን በርጩማ ስቦ ተቀምጧል። ሸሚዙን ራሱ ለብሶታል፤ ቁልፎቹ ተዛንፈዋል። አከራያችንን የጣሪያው አሸንዳ ውኃውን የሚጥለው በተሳሳተ በኩል ነው ብሎ ይሟገታታል፤ እሷም አልሸነፍ ብላዋለች።

«ምነው ሳ? ምን ሆንሽ?» አለኝ ፊቴን አይቶ።

«ማን አወጣህ?» አልሁት።

«ማን ያወጣኛል?» አለና ወደ አሸንዳው ክርክር ተመለሰ።