ውሻችን እና የጎረቤታችን ግልገሎች

ለሴሚስተር እረፍት ከመሐል ሜዳ አልፌ ወደ መንደራችን ስገባ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ይዤ ነበር። «ፕሬይ ኦን» የሚለውን ግስ አብራርተን፣ በዓይናችን ካየነው ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር እንድንሠራ ታዘናል። ማብራሪያውን ጨርሻለሁ፤ አንዱ እንስሳ ሌላውን እያደነ ሲኖር ይባላል፤ ሰው ደካማውን እያጠቃ ሲጠቀምም፣ ሐሳብ ሰውን እረፍት ሲነሳም ይባላል። መምህራችን ግን «አንዴ ለሆነ ነገር አትጠቀሙበት፣ ለልማድ ነው» ብለው አስጠንቅቀውናል። ለምሳሌነት በጓሳ ሜዳ ያየሁትን ቀይ ቀበሮ መረጥኩ፤ አይጥ እያደነ ነው የሚኖረው።

ቤት ስደርስ ውሻችን ታስሯል። ከጎረቤታችን ከእማማ ግልገሎች አንዱ ተበልቶ፣ ውሻችን አፉን ደም እንደነካው አጠገቡ ተገኝቷል።

«ለምዷል» አሉ እማማ ደጃችን ላይ ቆመው። «ይገደል።»

«ሞቶ አግኝቶት ቢሆንስ እማማ?» አለ አባቴ።

«እንግዲያ የገደልኩት እኔ ነኛ! ይኸው፣ የተማረች ልጅህ መጥታለች። ነገ ፍታውና እሷ ትይ። ካልነካ እኔም አፌን እዘጋለሁ።»

አባቴ ተስማማ። ከነካ በገዛ እጁ ሊገድለው ቃል ገባ።

በማግስቱ የእማማ በጎች የገብሱ ቃርሚያ ላይ ሲሰማሩ ውሻውን ፈታነው። ካብ ላይ ተቀመጥኩ፤ ተነሳሁ፤ እንደገና ተቀመጥኩ። እሱ ፀሐይ ላይ ተጋድሞ ዝንብ ያባርራል። ቀኑ እንዲህ እንዲያልቅ ተመኘሁ።

አንድ ግልገል ከእናቱ ራቅ አለ። ውሻው ተነሳ፤ ሆዱን ከመሬት አስጠግቶ ሄደ። አፏጨሁለት። ዞሮ አየኝ፤ ጆሮውን ጣል አደረገና መንገዱን ቀጠለ። የግልገሉን አንገት ሲይዝ እማማ በዱላቸው ደርሰው አስጣሉት።

«አየሽ?»

«አየሁ እማማ።»

እማማ ቤታቸው ገብተው ግማሽ የገብስ ዳቦ አመጡና ለውሻው ጣሉለት። ውሻው በልቶ እስኪጨርስ አባቴ ጠበቀው። ከዚያ አንገቱ ላይ ገመድ አስገብቶ ወደ ገደሉ ወሰደው፤ ሲመለስ ገመዱን ብቻ ይዞ ነበር።

የቀበሮውን ዓረፍተ ነገር ሰርዤ የውሻችንን ጻፍኩ። መምህሩ «ጥሩ ነው» ብለውበታል። አሁንም ዶርም ውስጥ መጽሐፍ ስገልጥ ውሻው ዞሮ ሲያየኝ በዓይኔ ይመጣብኛል። ሁለት ጊዜ ማድረግ ልማድ ይባል እንደሆነ መምህሩን ልጠይቃቸው ቢሯቸው ደጃፍ ድረስ እሄዳለሁ፤ ሳላንኳኳ እመለሳለሁ።