ጉድጓድ ሊቆፍሩ የመጡት እንግዶች

ክረምት ነበር፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ጭሮ ውስጥ ከአንዱ ሻይ ቤት ወደ ሌላው ስዞር፣ ወረዳ ቢሮ የሚሠራ የሩቅ ዘመዴ አግኝቶኝ አስተርጓሚ አደረገኝ። ከባሕር ማዶ በጎ ፈቃደኞች መጥተዋል፤ ከበደሳ ወጣ ብሎ ላለ የገጠር ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ሊሠሩ ነው አለኝ። እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፣ ኦሮምኛውንም ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጣላና ስታረቅ ለምጄዋለሁ። በቂ ነው ተባለ።

በእኛ አገር ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ጠፋ ብሎ ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ብቻ ውቅያኖስ አቋርጠው፣ አንድ ዓይነት ቢጫ ካናቴራ ለብሰው መጡ። አብዛኞቹ ገና ከትምህርት ቤት የወጡ፣ ዶማ በሥዕል ብቻ ያዩ የሚመስሉ ወጣቶች ናቸው። መሪያቸው ረጅም፣ ጠና ያለ ሰው ነው፤ አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሏል። ፊሽካው ሲነፋ ወጣቶቹ ይሰበሰባሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እኛም መሰብሰብ ለመድን።

ሥራው የተጀመረው በጨዋታ ነው። የመንደሩ ሽማግሌዎች ከወጣቶቹ ጋር ክብ ሠርተው እንዲቆሙና እያንዳንዳቸው የሚወዱትን እንስሳ እንዲናገሩ ተጠየቁ። ተራው ጺማቸውን ሂና ከቀቡ ሐጂ ዘንድ ሲደርስ፣ ወደ እኔ ዘንበል ብለው በዝግታ «ሊያርዱልን ነው እንዴ?» አሉኝ። አይ፣ እንዲሁ ለመተዋወቅ ነው አልኳቸው።

ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ወጠጤ ፍየል በላቸው፤ ሐሳባቸውን ከለወጡ አይታወቅም» አሉ።

ወጠጤ ፍየል አልኩ። ወጣቶቹ በደስታ አጨበጨቡላቸው።

ከዚያ ቁፋሮ ተጀመረ። የመንደሩ ወንዶች ሊያግዙ ሲነሱ መሪው ከለከላቸው። እናንተ ዕድሜ ልካችሁን ስትደክሙ ኖራችኋል፣ ዛሬ እኛ እናገልግላችሁ አለ። ወንዶቹ ጫታቸውን ይዘው ጥላ ሥር ተቀመጡና እንደ ኳስ ጨዋታ ይመለከቱ ጀመር። ሴቶቹ ግን መቀመጥ አልቻሉም፤ እንግዳ እየለፋ ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው። ለእንግዶቹ መታጠቢያ ከምንጭ ውሃ ሲያመላልሱ፣ በቆሎ ሲጠብሱ ዋሉ። ሲመሽ ጉድጓዱ ጉልበት እንኳ አልደረሰም፣ የወጣቶቹ መዳፍ ግን ውሃ ቋጥሯል። የተገለገሉት ሴቶች ደግሞ ወገባቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ ስንመጣ ግቢው ውስጥ ሰው የለም። ጥላው ሥርም ማንም የለም። አካፋውና ዶማው የተቀመጠበት ክፍል ተከፍቷል፣ ውስጡ ባዶ ነው። መሪው ፊሽካውን ነፋ። አንዲት ዶሮ ብቻ ብቅ አለችና ተመለሰች። ቀጥሎ በመተማመንና በኅብረተሰቡ የኃላፊነት ስሜት ላይ ረዘም ያለ ንግግር አደረገልኝ። ሊሰማው የሚገባ የመንደር ሰው ስላልነበረ ሁሉንም ለብቻዬ ጠጣሁት። አብሮን የመጣው ዘመዴ በዚህ ጊዜ እጅግ አስቸኳይ ስልክ ተደወለለት።

የክፍሉን ቁልፍ የሚይዘው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ስለሆነ እሱን ፍለጋ ቤቱ ወዳለበት ኮረብታ ወጣን። ከወዲያ ማዶ የቁፋሮ ድምፅ ሰማን። መሪው በትልልቅ እርምጃ ቀደመኝ። ስደርስ ወንዶቹ ሁሉ እዚያ ናቸው፤ የእኛን አካፋና የእኛን ዶማ ይዘዋል፤ የሚቆፍሩት ቀብር ነው። አንዱ ጠጋ ብሎ የዘበኛው እናት ንጋት ላይ ማረፋቸውን ነገረኝ። መሪው ግን ገና አልገባውም። ዘበኛውን አየው፣ ወደ እኔም ዞረ።

«ዕቃውን እንዲወስድ ማን እንደፈቀደለት ጠይቅልኝ» አለኝ።

ሁሉም ቁፋሮውን አቁመው አፌን ጠበቁ። ዘበኛው እጁ እስከ ክንዱ አፈር ሆኖ፣ ዓይኑ ቀልቶ ቆሟል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈጥኜ ተርጉሜ አላውቅም።

«ሐዘንህ ሐዘናችን ነው፣ አላህ ሰብር ይስጥህ ይላል» አልኩት።

ዘበኛው መጥቶ የመሪውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። «ሳላስፈቅድ ወሰድኩባችሁ» አለ። «እናቴ ናት። መሬቱ ዐለት ሆኖ የእኛ ዶማ እምቢ አለን።»

ይህን ቃል በቃል ተረጎምኩ። መሪው ቀልቶ የነበረው ፊቱ ነጣ። ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተና አካፋ ከያዙት ጎን ቆመ። አስከሬኑ ሲመጣ ራቅ አለ። አፈር የመመለሱ ጊዜ ሲደርስ ሐጂው ጠሩትና አካፋ ሰጡት። ከሁሉም ረጅም ስለነበር እጥፍ ብሎ አፈር ሲዝቅ ያስቅ ነበር። ማንም አልሳቀም፣ እኔም ጭምር።

ከዚያ በኋላ ፕሮግራም የሚባል ነገር አልተረፈም። ቢጫ ለባሾቹ ሐዘን ቤት ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ዋሉ። ሴቶቹ ወጣቶች ጓዳ ገብተው፣ በማይሰሙት ቋንቋ እየታዘዙ ሽንኩርት ሲልጡና ሲያለቅሱ ዋሉ፤ የመንደሩ ሴቶችም ለቅሶውን ከሐዘን ቆጥረው አጽናኗቸው። ዝም ብሎ መቀመጥ ከቁፋሮ ይልቅ እንደከበዳቸው ከአቀማመጣቸው ይታወቅ ነበር። ግን ተቀመጡ።

ለቅሶ የደረሰ ሰው ደግሞ በእኛ አገር እንግዳ መሆኑ ያበቃል። ሥራው ሲቀጥል የመንደሩ ወንዶች ፈቃድ አልጠየቁም፤ ዶማውን ከወጣቶቹ እጅ ወስደው ገቡበት፤ አፈር ማውጣቱን ብቻ ተዉላቸው። ጉድጓዱ በዚያው ቀን አለቀ።

ሽንት ቤቱ ዛሬም አለ። ርእሰ መምህሩ እንዳይበላሽ ብሎ ስለቆለፈው በጣም ንጹሕ ነው፤ ተማሪዎቹ እንደ ጥንቱ ቁጥቋጦ ይሄዳሉ። ባለፈው ዘበኛውን በደሳ ገበያ አገኘሁትና ስለዚያ ረጅም ሰው ጠየቀኝ። ወሬውን አልሰማሁም አልኩት።

«ከመጣ በዚህ ጊዜ ሥራ የለም በለው» አለኝ። «እንዲሁ ይምጣና እቤት ይቀመጥ።»