ሞተሩን ያጠብኩት እኔ ነኝ

ኦሊቃን የማያውቅ የአዳማ ሰው የለም ብል አጋነንክ ትሉኛላችሁ፤ እሺ፣ ግማሹ ያውቀዋል። የአቦምሳ ልጅ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ረዳት ሆኖ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ዱከም! ዱከም! አንድ ሰው!» ሲል ከርሞ ነው መሪ የጨበጠው። አሁን በእትዬ የሺዓለም ሚኒባስ ዱከም ለሚሠሩ የፋብሪካ ሠራተኞች ሰርቪስ ይሰጣል። ጠዋት «አካም ቡልተን» ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ ሰላም ሳይል ሞተር አያስነሳም። እንቁላል የጫነ ይመስል ነው የሚነዳው። ጫት በአፉ ዞሮ አያውቅም።

እኔ መርጋ እባላለሁ፤ ላቫጆ ነው የምሠራው። እጄ መኪና ያጸዳል፣ አፌ ሰው ያቆሽሻል።

አንድ ቅዳሜ ኦሊቃ መኪናዋን አመጣልኝና «ላይ ላዩን ብቻ» ብሎኝ ምሳ ሊበላ ሄደ። እኛ ሰፈር ግን ሞተሩ ካላብረቀረቀ ታጠበ አይባልም። ኮፈኑን ከፍቼ ናፍጣ ረጨሁበት፣ በፓምፕ ውሃ ለቀቅኩበት። ማንም ሳይጠይቀኝ! ደስ ይበለው ብዬ።

ሰኞ ሚኒባሷ አመሏ ተለወጠ። ነዳጅ ሲሰጣት አንዴ ትሞታለች፣ አንዴ እንደ ደነበረ በግ ትዘላለች። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ሲላተሙ ሰነበቱ። እኔ ሆዬ ይህን ስሰማ፣ ማታ ማታ እነሱ የሚወርዱበት ሻይ ቤት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ጉብ አልኩና፣ ሰው መኮረጅ ልማዴ ነውና፣ ኦሊቃን ሆንኩ። ጉንጬን ወጥሬ፣ ዓይኔን አፍጥጬ፣ ወንበሩን እያዘለልኩ፦ «አካም ቡልተን! ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ምርቃናዬ መጣ!» ሰው በሳቅ ፈረሰ።

ወሬው በማግስቱ እትዬ የሺዓለም ሱቅ ገባ። ሐሙስ ዕለት ኦሊቃን ጠርተው ቁልፉን ተቀበሉት። «የሰው ልጅ ጭነህ ትቅማለህ?» ማለ፣ ተገዘተ፤ አልሰሙትም። «ቅዳሜ ሌላ ሹፌር ይረከባታል» አሉት።

ሦስት ልጅ ያለው ሰው! ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ዓርብ እትዬን «ለሌላ ሰው ከመስጠትዎ በፊት እባክዎ መኪናዋ ትታይ» ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ኤሌክትሪሻኑ አብዱናሲር ጋ ወሰድናት፤ ኦሊቃም መጣ።

አብዱናሲር መመርመሪያውን ሰካ። «ሴንሰር ይላል። ነዳጅ ስትረግጥ የአየር ክዳኑ ስንት እንደተከፈተ ለኮምፒውተሩ የሚናገረው ነው።»

«ቀይረዋ ታዲያ!» አሉ እትዬ።

«ቀስ ይበሉ፣ እናቴ። ይሄ ማሽን ስም ይጠራል እንጂ አይፈርድም።»

ቴስተሩን ሽቦው ላይ አድርጎ ኦሊቃን ፔዳሉን ቀስ አድርጎ እንዲረግጥ አዘዘው። ቁጥሩ ከግማሽ ቮልት ተነሥቶ ሁለት ሲደርስ ጭራሽ ወደቀ፣ ከዚያ ዘሎ ተመለሰ። «አሁን እግርህን እንዳታንቀሳቅስ!» አለውና የሴንሰሩን ሶኬት በጣቱ ነካ ሲያደርገው ቁጥሩ እንደገና ዜሮ። ሶኬቱን ነቀለው። ውስጡ ውሃ፣ አንዷ ፒን አረንጓዴ ዝገት።

«ሴንሰሩ ምን አደረገ? ማነው ሞተር ላይ ውሃ የለቀቀው?»

«እኔ ሞተር አላሳጠብኩም» አለ ኦሊቃ፣ ከልቡ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የማንንም ድምፅ ሳልዋስ ተናገርኩ። «እኔ ነኝ። የጫቱንም ወሬ የፈጠርኩት እኔው ነኝ።»

እትዬ እንደ ቁስል አዩኝ። «አፍህ ይዘጋ፣ አንተ!» አብዱናሲር ፒኗን ቀይሮ፣ ሶኬቱን አጽድቶና አድርቆ ሲሰካው ቁጥሩ ሳይዘል እስከ ላይ ወጣ። እትዬ ቁልፉን ለኦሊቃ ሰጡት፤ «ይቅር በለኝ ልጄ» አሉት። ኦሊቃ ግን እኔን አልፎ መኪናዋን አስነሥቶ ሄደ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ማለዳ ሚኒባሷ ላቫጆው በር ላይ ቆመች። «ግባ» አለኝ ኦሊቃ። ሠራተኞቹ ሞልተዋል። «የሳቁብኝ እነዚህ ናቸው። እውነቱን ንገራቸው።»

ጎንበስ ብዬ ቆምኩ። «ኦሊቃ ቅሞ አያውቅም። መኪናዋን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዋሽቻችኋለሁ።»

ከኋላ ሜቲ የምትባል ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ፦ «ውይ ሞትኩልህ! ደግሞ ዛሬ ማንን ሆነህ ነው?» አለች፤ መኪናው በሳቅ ተናወጠ።

«የእውነቴን ነው!» ስል ይብስ ሳቁ። ዱከም እስክንደርስ ማልኩላቸው። ኦሊቃ በመስታወቱ አየኝ፤ እሱ ብቻ አልሳቀም።