አቶ ትውረድ እና የሰባት ሰዓት መንገድ

«አቶ ትውረድ» ሾፌሮቹ ያወጡለት ስም ነው። የከብት መጫኛው በረት በር ላይ ቆሞ የምታነክስ ላም ወይም ዓይኗ የፈዘዘ ጊደር ባየ ቁጥር ከአፉ የሚወጣው ቃል ይኸው ነው፦ «ትውረድ።» የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። መኪና ላይ የሚወጣ ከብት ሁሉ መንገዱን ቆሞ ይችለው እንደሆነ ሲፈትሽ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላው። ከብቱን ዐሥር እርምጃ ያስኬደዋል፣ ያዞረዋል፣ ይመልሰዋል። እሱ ግን እግር አያይም። የታመመ እግር መሬት ሲነካ አንገት ብድግ ይላልና የሚያየው አንገት ነው።

«እግር ይዋሻል፤ አንገት አይዋሽም» ይላል።

ያን ማክሰኞ ጠዋት አንድ ነጋዴ ያመጣው ቀይ በሬ ዐሥሩን እርምጃ ቀጥ ብሎ ሄደ። አንገቱ ንቅንቅ አላለም።

«ይኸው ጋሼ!» አለ ነጋዴው እጁን እያፋተገ። «ከእኔም ከእርስዎም ይሻላል።»

«ከእኔስ ይሻላል። ጥላው ሥር እሰረውና ትንሽ ይረፍ።»

«ለምን ይረፍ? ደከመኝ አላለ!»

«እሱ ባይል እኔ ደክሞኛል።»

አቶ ትውረድ ከበሬው ሰኮና በላይ እብጠት አይቷል። እንዲህ ያበጠ እግር እንዲያ ቀጥ ብሎ የሚሄደው አንድም በተአምር ነው፣ አንድም በመርፌ። ማስታገሻ የተወጋ ከብት አልዳነም፤ ሕመሙ ተደበቀለት እንጂ። መንገድ ላይ መድኃኒቱ ሲያልቅበት ይወድቃል፣ ሌሎቹም ይረግጡታል። ከሰዓት በኋላ በሬው የፊት እግሩን አንስቶ አላወርድም አለ። ነጋዴው አንገቱን ደፍቶ በሬውን እየጎተተ ተመለሰ።

ማታ ማታ እንዲህ ያለውን ነገር ለሚስቱ ማውራት ይወዳል። ሰሞኑን ግን የቤቱ ወሬ ሌላ ነበር። ሚስቱ ከሦስት ወር በፊት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቃ የዳሌ አጥንቷ በብረት ተጠግኗል። በመኪና ሰባት ሰዓት የሚያስኬድ ከተማ የምትኖረው አንዲት ልጃቸው ደግሞ ባለፈው ሳምንት ወለደች። ሕፃኗ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ናት። ሐኪሙ ስለ ጉዞው ሲጠየቅ «እንደ አቅሟ ነው» ብሎ ነገሩን ለቤተሰቡ ተወው። ቤተሰቡ ማለት ባልየው ነው። እሱም፣ «ይህን ኮሪደር ያለ ምርኩዝ የሄድሽ ቀን እወስድሻለሁ» ብሏታል።

ያን ማክሰኞ ማታ በሩን ከፍቶ ሲገባ የክት ልብሷን ለብሳ፣ ምርኩዟን ግድግዳ አስደግፋ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆማለች።

«እንግዲህ እይ» አለችው።

ሄደች፣ ዞረች፣ ተመለሰች። አንገቷ ንቅንቅ አላለም። ትናንት ከወንበር ስትነሳ ከንፈሯን ስትነክስ አይቷታል።

«ጎበዝ» አላት። «ተቀመጪ እስቲ፣ ሻይ ላፍላ። ትንሽ እንረፍ።»

ዓይኗን አጠበበች። «ትንሽ እንረፍ? ሠላሳ አንድ ዓመት የነገርከኝን የረሳሁ መሰለህ? በሬ አደረግከኝ አይደል!»

«ስንት ዋጥሽ?»

ሁለት ጣቷን አነሳች።

«ከማን ተማርሽው?»

«ከማን እማራለሁ? ከነጋዴዎችህ ነዋ!»

ሁለቱም ሳቁ። ቀድማ ያቆመችው እሷ ናት።

«ባሏ ሥራው ሩቅ ነው፤ ልጄ ብቻዋን ናት» አለች። «እሷን ስወልድ እናቴ አጠገቤ አልነበረችም። ያን ሰሞን እንዴት እንዳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው።»

ይህን ነግራው አታውቅም። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«እነሱ ይምጡ እንዳልል ሕፃኗ ገና እንቡጥ ናት» አለ። «ጥጃ እንኳ እትብቱ ሳይደርቅ አይጫንም።»

«ይኸውልህ! እኔም አልጫንም፣ እሷም አትጫንም። ደንብህ ሁላችንንም በረት አስቀረን።»

ሻዩን ቀድቶ ፊቷ አስቀመጠና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ስሚኝ። መድኃኒቱን ሐኪሙ ባዘዘልሽ ልክ ዋጪ። እኔን ያስፈራኝ መደበቅሽ ነው። እወስድሻለሁ፤ መንገድ ላይ ሲያምሽ አመመኝ ካልሽኝ መኪናውን አስቆማለሁ፤ የፈለገውን ያህል ቀን ይፍጅ። ካልነገርሽኝ ግን ምኑን አይቼ ላስቁም?»

እሷ ደግሞ አመመኝ የማለት ልማድ የላትም። ልጅ የወለደችው ጥርሷን ነክሳ ነው። ብረት ዳሌዋ ውስጥ ሲገባም ለጠያቂ ሁሉ «ደህና ነኝ» ብላ ነው ያለፈችው።

«እሞክራለሁ» አለች በመጨረሻ።

ሐሙስ ጠዋት «እንቁላል» የሚሉት ሾፌር መጣ። ከብት ጭኖ ፍሬን ሲይዝ እንቁላል የጫነ ስለሚመስል ነው ስሙ። የወንድሙን ሚኒባስ ተውሶ አንዱን ወንበር ወደ ኋላ አስተኝቶ በትራስ ሞልቶታል።

«እትዬ፣ ጉዝጓዙ ተነጥፏል!»

«ደረቅ ነው? ባለቤቴ እርጥብ አያሳልፍም።»

የመጀመሪያውን አርባ ደቂቃ ትንፍሽ አላለችም። አቶ ትውረድ አጠገቧ ተቀምጦ አንገቷን ያያል። አንድ ጠመዝማዛ ላይ አንገቷ ብድግ አለ። ሾፌሩን ሊያስቆመው አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው፤ ቃሉ ከእሷ መምጣት ነበረበት። ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ የወንበሩን ጠርዝ ጨብጣ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሁሉ፣

«አመመኝ» አለች።

«አቁም!»

ከመኪናው አውርዶ በክንዱ ደግፎ አቆማት።

«ትንሽ ነው ብዙ?»

«ብዙ» አለችና አለቀሰች። ከሕመሙ ይልቅ መናገሩ የከበዳት ይመስል ነበር።

ከዚያ በኋላ ቀለላት። ዐሥራ አንድ ጊዜ ቆሙ። አንዴ «አመመኝ» ብላ አስቁማቸው ስትወርድ ቀጥታ መንገድ ዳር ወዳለች ማንጎ ሻጭ አመራች።

«እትዬ፣ ይሄ ደንቡ ውስጥ የለም!» ብሎ ጮኸ እንቁላል።

የሰባት ሰዓቱ መንገድ ሁለት ቀን ፈጀ። የልጅቷ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። አቶ ትውረድ ደረጃውን ሽቅብ አየ።

«አልችለውም» አለች ሚስቱ፣ ሳይጠይቃት። «ትውረድልኝ።»

ልጅቷ ሕፃኗን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ወርዳ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። እናትየው ሕፃኗን ተቀብላ ግንባሯን ሳመችና ዓይኗን ወደ ልጇ መለሰች።

«አንቺስ?»

«ደህና ነኝ እማ።»

«ደህና ነኝን ተዪኝ። እኔ እስክደርስ ዐሥራ አንድ ጊዜ ቆሜያለሁ።»

ልጅቷ ወደ አባቷ አየች፣ ወደ እናቷ አየች። ከዚያ ጭንቅላቷን እናቷ ትከሻ ላይ ጣለች።

«ስፌቱ ያመኛል» አለች። «ስታለቅስብኝ አብሬያት ነው የማለቅሰው።»

«እህ፣ ንገሪኝ እስቲ።»

አቶ ትውረድ በሩን ከውጭ ቀስ አድርጎ ዘጋላቸው።