ጋሽ ሲባጎ የደረደረው ገጽ

ጋሽ ሲባጎ አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው በተቀጠረበት ማተሚያ ቤት የወረቀት መቁረጫው ምላጭ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ወሰደበት። ቁስሉ መርቅዞ ክንዱ እስከ ትከሻው አበጠ። ሐኪሙ እጁ ይቆረጥ ሲል እናቱ አልፈርምም አለች። ሁለት ወር ተኝቶ ዳነ። ወደ ማተሚያ ቤቱ ሲመለስ አለቃው ከማሽን አንስቶ ፊደል ለቀማ ላይ አስቀመጠው፤ «ለዚህ ሦስት ጣት ይበቃል» ብሎ። በዚያ ሥራ አርባ አንድ ዓመት ቆየ።

እኔ እዚያው የማተሚያ ማሽን ሠራተኛ ነበርኩ። ማንበብ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ይህን የምጽፈው ከማተሚያ ቤታችን ሰዎች ነገሩን የሚያውቅ ሌላ ስላልቀረ ነው።

ደርዳሪ የእርሳስ ፊደሎችን አንድ በአንድ ለቅሞ መስመር ይሠራል፤ ገጹ ሲሞላም እንዳይበተን ዙሪያውን በሲባጎ ያስረዋል። እሱ ሲባጎ ከአንገቱ አይለይም ነበርና ስሙ በዚያው ቀረ።

ዩኒቨርሲቲው የሒሳብ መጻሕፍቱን የሚያሳትመው እኛ ዘንድ ነው። ሌሎቹ ደርዳሪዎች ያንን ሥራ ሲያዩ ይሸሻሉ፤ እሱ ወሰደው። መጀመሪያ ምልክቶቹን እንደ ሥዕል ነበር የሚደረድራቸው። በኋላ ግን ትርጉማቸው እረፍት ነሣው። አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ የሁለተኛ ደረጃ መማሪያ ገዝቶ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ። በምሳ ሰዓት እኛ ጋደም ስንል እሱ ይጽፋል።

«ሲባጎ፣ ዛሬ ደግሞ የምን ድግምት ነው?» ይለዋል ማሽኑን ቀለም የሚቀባው ጓደኛችን።

«አንተን ከዚህ የሚያስነሣ። እስካሁን አልሠራም።»

እንዲህ ሲል ስምንት ዓመት ሄደ። ሴት ልጁም እያደገች አጠገቡ ቁጭ ትል ጀመር፤ ያወቀውን ሁሉ ለእሷ ሰጣት።

ትምህርት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ሲቀረው የአንድ የሒሳብ ዶክተር መጽሐፍ መጣ። ጋሽ ሲባጎ ለእኔ እንዳስረዳኝ፣ ሪንግ ማለት መደመር፣ መቀነስና ማባዛት የሚቻልበት የቁጥሮች ስብስብ ነው። ፕሮጀክቲቭ ሞጁል ደግሞ ሌላ ቁራጭ ሲጋጠምለት ከሪንጉ ቅጂዎች የተሠራ ሙሉ ነገር የሚወጣው ቁራጭ ነው። ራንክ የቁራጮቹን መጠን ይናገራል፤ ሪንጉ ራሱ አንድ ይሰጠዋል፣ ሁለት ቁራጭ ሲጋጠም ቁጥራቸው ይደመራል። የመጽሐፉ መቶ አሥራ ሁለተኛ ገጽ «በማንኛውም ሪንግ ላይ ያለው ራንክ አንድ ብቻ ነው» ይላል፤ መጠኑን ለቁራጮቹ ማደያው መንገድ ሁለት ሊሆን አይችልም ማለቱ ነው።

«ውሸት ነው» አለኝ። «ከዜሮ እስከ አምስት ያሉትን ቁጥሮች ያዝ፤ ስድስት በሞላ ቁጥር ወደ ዜሮ ተመለስ። ሦስት በሦስት ዘጠኝ፤ ስድስት ሲነሣለት ያው ሦስት። አራት በአራት አሥራ ስድስት፤ ስድስት ሁለቴ ሲነሣለት ያው አራት። ሦስት በአራት አሥራ ሁለት፤ ያው ዜሮ። ሲደመሩ ደግሞ ሰባት፤ ያው አንድ። እንግዲህ ይህ ሪንግ ለሁለት ይከፈላል፤ የሦስት ወገንና የአራት ወገን። ለሁለቱም ግማሽ ግማሽ ብትሰጥ ድምሩ አንድ ነው። ለአንዱ ዜሮ፣ ለሌላው አንድ ብትሰጥም ሕጉ አይፈርስም። የቱ ነው ታዲያ አንዱ ራንክ?»

ጉድለቱ «ሪንግ» ከሚለው ቃል በፊት የቀረ አንድ ሐረግ ነበር፤ «ለሁለት የማይከፈል»። ዶክተሩ የማረሚያ ወረቀቱን ሊያይ ሲመጣ ጋሽ ሲባጎ ነገረው። ዶክተሩ ወረቀቱን ትቶ አለቃውን አየ።

«ሠራተኞቻችሁ ደራሲ ማረም ጀመሩ እንዴ?»

«የስድስቱን ቁጥሮች ቢያዩት፣ ዶክተር...»

«አንተ የተጻፈውን ደርድር። ማሰቡን ለእኛ ተወው።»

በዕድሜ የሚበልጠውን ሰው «አንተ» አለው። አለቃውም ፊቱ ጠቆረ፤ ሐረጉ ከገባ መስመሩ ይገፋል፣ እስከ ምዕራፉ መጨረሻ ያሉ ሠላሳ ገጾች ተፈትተው እንደገና መታሰር አለባቸው። «ሲባጎ፣ በልጆችህ ይዤሃለሁ፣ ተወው» አለ። ጋሽ ሲባጎ ሐረጉን አስቀድሞ ደርድሮት ነበር። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ወደየሣጥናቸው መለሰ። ገጹን እንዳለ አሰረው፤ እኔም አተምኩት።

ልጁ ያን መጽሐፍ ያገኘችው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ በመጨረሻ ዓመቷ ነው። በክፍሏ አንደኛ ነበረች፤ ረዳት መምህር ሆና ለመቅረት አንድ ፈተና ቀራት። የፈተናው ጥያቄ «በማንኛውም ሪንግ ላይ ራንክ አንድ ብቻ መሆኑን አረጋግጡ» ይላል። እሷ «አይረጋገጥም» ብላ ስድስቱን ቁጥሮች ጻፈች። ዜሮ ሰጧት። ቦታው ሊያመልጣት ስለሆነ አቤት አለች።

አቤቱታውን የሚሰሙት ሦስት መምህራን ናቸው፤ አንዱ ራሱ ዶክተሩ። ጋሽ ሲባጎ ያለችውን አንዲት ኮት ለብሶ ሄደ፤ እኔም አጀብኩት።

«ይህን ከየት አመጣሽው?» አላት ዶክተሩ።

«አባቴ ነው ያስተማረኝ።»

ጋሽ ሲባጎ ብድግ አለ። «መጽሐፉን የደረደርኩት እኔ ነኝ። ስህተቱን ያኔውኑ ነግሬዎታለሁ።»

«አላስታውስም» አለ ዶክተሩ፤ ዛሬ አነጋገሩ ጨዋ ነው። «ደግሞስ ስህተት መሆኑን ካወቁ ለምን ደረደሩት?»

ከመምህራኑ አንዱ በወረቀት ጥግ ላይ ስድስቱን ቁጥሮች ሲያባዛ አይቼዋለሁ፤ ጨርሶ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ውጤቱ እንዳለ ጸና።

ኮሪደሩ ላይ ልጅቷ አባቷን አስቆመችው።

«አባባ፣ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔኮ ያቺን ገጽ ሳይ ሐረጉን የአንተ እጅ የዘለለው መስሎኝ ነበር። ዶክተሩ ያውቀዋል፣ ማተሚያ ቤት ነው የጣለው አልኩ። እንዳታፍር ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።»

በወሩ ሩቅ ከተማ አንደኛ ደረጃ ልታስተምር ሄደች። ደብዳቤ ስትጽፍ ለእናቷ ነው፤ መጨረሻው ላይ «አባባን ሰላም በይልኝ» ትላለች፤ ከዚያ አያልፍም። መጽሐፉ ለሁለተኛ ጊዜ ሲታተም ሐረጉ ገብቶ መጣ። ምስጋናው ለማን እንደሚገባ የሚናገር ቃል የለበትም። የደረደረውም ያው እሱ ነው።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ልጠይቀው ሄጄ፣ ዶክተሩን ይቅር ብሎት እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ዶክተሩ አልሰማኝም፤ ያ የራሱ ጉዳይ ነው» አለኝ። «ሰዉ ሁሉ ‹ብቻህን ይህን ሁሉ ተማርክ፣ ትልቅ ነገር ነው› ይለኛል። ምኑ ነው ትልቁ? ትልቁማ አንድ ቀን እራት ላይ ‹ልጄ፣ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ውሸት አለ፤ ተናግሬ ሰደቡኝና ዝም ብዬ ደረደርኩት› ማለት ነበር። ብታውቅ ፈተናው ሳይደርስ ሄዳ ትጠይቃቸው ነበር። እሷ እኔን ላለማሳፈር ዝም አለች፤ እኔ ደግሞ መሰደቤን ልጄ ፊት ላወራ አፈርኩ። ከሕይወቴ ሁሉ የሚበልጠው ያ እራት ነበር። በላነውና ተነሣን።»