የእትዬ ታየች መኪና

እትዬ ታየች መንጃ ፈቃድ የላቸውም፤ ግን በየቀኑ መኪና ይነዳሉ። ልጃቸው ናዝሬት የመኪና መንዳት ጌም በኢንተርኔት የሚያመጣ ትንሽ ሳጥን ቴሌቪዥናቸው ላይ ገጥማላቸዋለች። ሰሞኑን ግን መኪናው ዳገት ላይ እየተገተረ አስቸገራቸው።

"ሞተሩ ሳይሆን አይቀርም" ብለው እኔን ተከራያቸውን ጠሩኝ።

ሳጥኑን አጥፍቼ አበራሁት፤ ራውተሩንም ከቡፌው ውስጥ አወጣሁት። ለውጥ የለም። ዋይፋዩን ማን እንደሚጠቀም በስልኬ ስመለከት ግን ደሜ ፈላ። ባለሱቁ፣ ልብስ ሰፊው፣ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ሳይቀር ሁሉም እዚያ ናቸው። እትዬ ፓስወርዱን ለጠየቀ ሁሉ ሰጥተዋል። ወዲያው ቀየርኩት፤ መኪናውም ዳገቱን እንደ ንፋስ ወጣው።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶች ሙዝና ብርቱካን ይዘው መጡ።

"ዋይፋዩ ሲጠፋ ምን ሆነው ይሆን ብለን ደነገጥን" አሏቸው።

እትዬ በሀፍረት መሬት መሬቱን አዩ። ከዚያ አዲሱን ፓስወርድ ለእያንዳንዳቸው በጆሯቸው ነገሯቸው።

እንግዶቹ ገና ከግቢው ሳይወጡ መኪናው ዳገቱ ላይ ቀጥ አለ። እኔም ተቆጣሁ።

"ታዲያ ምን ላድርግ ልጄ" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከቆመው መኪና ሳይነቅሉ። "ሰው መንገድ ዳር ቆሞ እያየሁ ባዶ መኪና ይዤ ልለፍ?"